የዘንበል ትከሻ

ነጥብ አራሚዋ ሥራዋን ለጠየቃት ሁሉ «የሌሉ ሰዎችን መገጣጠሚያ ነው የምፈልገው» ትላለች። ወጌሻ መስላቸው ወገባቸውን የሚያሳዩዋት አሉ። ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ ኮምፒውተር ፈጥሮ በሚያወጣቸው የሰው ምስሎች ላይ የትከሻው፣ የክርኑ፣ የጉልበቱ ነጥብ በቦታው መቀመጡን ታረጋግጣለች። ማሽን የሰውን አካል የሚማረው ከነዚህ ነጥቦች ነው።

ያን ቀን ጠዋት ስክሪኗ ላይ ቀይ ካፖርት የለበሰች ወፍራም ሴትዮ መጣች። ሁሉም ነጥብ ልክ ነው፤ የግራ ትከሻዋ ነጥብ ብቻ ከካፖርቱ ትከሻ በጣት ስፋት ዝቅ ብሏል። ቀጥሎ ሽማግሌ መጣ፤ እሱም ያው። ቀጥሎ ሙሽራ።

ምስሉን አጉልታ አየችው። ያንን ትከሻ ታውቀዋለች።

የወንድሟ ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም ግራው ወርዶ ስለቀረ ሰፈርተኛው «ዘንበል» ይለው ነበር። እናታቸው «ቀና በል እንጂ አንተ ልጅ!» ስትለው፣ «እኔ ምን ሆንኩ? ቤቱ ነው እንጂ የዘመመው» ይልና ወደ እህቱ ዞሮ «አይደል ሚጢ?» ይላል። ሚጢ የሚላት እሱ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሊሞት ሰሞን፣ ይኸው ድርጅት ጥብቅ ያለ ልብስ አልብሶ፣ ገላው ላይ ትንንሽ ኳሶች ለጥፎ፣ እንቅስቃሴውን ለኮምፒውተር ለመቅዳት ሲያስኬደው ከርሞ ነበር። ለካስ አካሄዱን ወስደው ሥጋ እያለዋወጡ ያለብሱታል!

ማስመሪያ የዋጠ ይመስል ቀጥ ብሎ የሚሄደው አለቃዋ ከኋላዋ ቆመ።

«እህቴ፣ ነጥቡን ወደ ሥጋው አምጪው። አንድ የተዛነፈ ካገኘሁ ነገ እንዳትመጪ።»

«ምስሉ ቢሆንስ የተሳሳተው?»

«ምስል አይሳሳትም። ስንት ወጥቶበት!»

አለቃው ሲሄድ የሙሽራዋን ነጥብ ወደ ላይ ገፋችው። ሙሽራዋ እንደ ሳንቃ ቀጥ አለች፤ ዘንበል ከውስጧ ወጣ። አራሚዋ በገዛ እጇ ሁለተኛ የቀበረችው መሰላት። ነጥቡን ወደነበረበት መለሰችው። ከዚያም «እንጀራዬ ይቅር» ብላ ትከሻቸው ላይ ያው ነጥብ ያለባቸውን የዕለቱን ሁለት መቶ ምስሎች ሁሉ «ትክክል» እያለች አሳለፈች።

በነጋታው አለቃው ታብሌቱን እያወዛወዘ ገባ።

«መቶ በመቶ! አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!»

ነጠቀችው። የካፖርቷ ሴትዮ ትከሻ ወርዶ ነጥቡ ላይ አርፏል። የሽማግሌውም፣ የሙሽራዋም። ሁለት መቶዎቹም ወደ ግራ ዘንበል ብለው ያዩዋታል።

«ማነው ምስሎቹን የነካው?»

«ማንም። ትክክል ናቸው ያልሽው አንቺው አይደለሽ?»

ታብሌቱን ተቀብሏት ወደ በሩ ሄደ። የግራ ትከሻው በጣት ስፋት ወርዷል።

«አለቃ…» አለች። «ቀና ይበሉ እንጂ።»

ፈገግ ብሎ ዞረ።

«እኔ ምን ሆንኩ? ቤቱ ነው እንጂ የዘመመው። አይደል ሚጢ?»