ቀና ብለው ያላዩት ጫካ

ሻይ ሊተክል የመጣ ባለሀብት ጫካችንን የጠየቀ ጊዜ፣ ኢሳያስ የሚባል የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ከወረዳው ከተማ ከቢታ ገነት መጥቶ በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበን። «አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ጉዳቱ ሳይጠናና ሕዝብ ሳይወያይበት መሬት አይሰጥም» አለን። ደግ አዋጅ ነው አልኩ በሆዴ። ወዲያው ግን የጣት አሻራችሁን አኑሩ አለ።

«ምኑ ላይ?» አልኩት።

«ጥናቱ ላይ፣ እትዬ አልጋነሽ። ከአዲስ አበባ አማካሪዎች መጥተው አጥንተውታል።»

«እስቲ አንብበው። ማንበብ አልችልም እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሰው ሳቀ። አነበበ፦ «በቦታው ላይ ነዋሪም ሆነ ተጠቃሚ የለም።»

ደሜ ፈላ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አምስት ልጆች ያሳደግኩት በዚያ ጫካ ማር ነው!

«ተነስ!» አልኩት።

«ስብሰባውስ፣ እትዬ?»

«ስብሰባው እግር አለው፤ ይከተለናል።»

ሁሉም ተከተለን። ኢሳያስ ጫካው መሀል ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ። «ቤትም እርሻም አላይም» አለ።

«ሳንቲም ወድቆብሃል? ምን መሬት መሬቱን ታያለህ? ቀና በል!»

ቀና አለ። ዋንዛው ላይ አራት ቀፎ ተሰቅሏል፤ ብሳናው ላይ ሦስት።

«እነዚህ ሰባቱ የኔ ናቸው። ያ የገብረወልድ ዛፍ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው የብርቄ፣ ከእናቷ የወረሰችው። እስቲ ባለቤት የሌለው ዛፍ አሳየኝ!»

አጥር የለንም። ማን በየትኛው ዛፍ እንደሚሰቅል ግን ሕፃን ያውቃል።

«አማካሪዎቹ አልጠየቋችሁም?»

«ከመኪናቸው ሳይርቁ ፎቶ አንስተው ሄዱ።»

አንገቱን ደፋ። «ወረዳውን ሙሉ የምሸፍነው እኔ ብቻ ነኝ። ለሞተር ሳይክሉ እንኳ ነዳጅ የለኝም። የሰጡኝን ወረቀት ይዤ መጣሁ።»

«ያላየኸውን አላየሁም በል፤ የለም አትበል!»

ለክፉ የማይሰጥ ልጅ ነው፤ አልተቀየመኝም። ሦስት ቀን በእግሩ ከኛ ጋር ዛፍ ለዛፍ ዞረ፤ ጥናቱንም እንደገና እንዲሠሩት ለአማካሪዎቹ መለሰላቸው። ለባለሀብቱ ኋላ በጫካው ፈንታ ከመንገዱ በታች ያለው ገላጣ መሬት ተሰጠው። ፊቱን አጠቆረ፤ ያጥቁር።

ኢሳያስ አዲሱን ጥናት በአዳራሹ ሲያነብ ከፊት ተቀመጥኩ።

«ተጠቃሚዎች፦ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ሰባት ቀፎ...»

«ስምንት ነው!» አልኩት። «ልጄ ትናንት አንድ ጨምሯል። አስተካክል።»

እዚያው ቆሞ አስተካከለ።