ሳይበርድ የተቀዳ ውሃ

የሚንፌን አባት ሽማግሌው ሼን ማንቆርቆሪያውን ከእሳት እንዳነሱ፣ ውሃው ገና እየተንፈቀፈቀ፣ ከሁለቱ ብርጭቆዎች በግራው ላይ ቀዱት። ሚንፌን አየቻቸው። የግራው የእሷ ሻይ ነበር።

አባቷ ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡትና ጥቂት ቆዩ። በረድ ሲል የወንድሟ የጂያዌይ ሻይ ባለበት ብርጭቆ ጠርዝ በኩል ቀስ አድርገው ቀዱት። በጸደይ ከሚውለው የመቃብር መጥረጊያ በዓል በፊት የተለቀመ ለጋ እንቡጥ የፈላ ውሃ ሲነካው ተቀቅሎ እንደሚመር የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አርባ ዓመት የሻይ ቅጠል በምጣድ የቆሉ ሰው በስህተት አያደርጉትም።

ነጋዴው ጋሽ ታንግ ግቢ ውስጥ በስልክ ሲያወሩ ቆይተው ገቡ። እሳቸው ቀምሰው ሻዩን የመረጡለት ልጅ የአባትየውን ብረት ምጣድና ስም ይወርሳል ተብሏል። አባቷ ትከሻቸውን ካመማቸው ወዲህ አሥራ አንድ ጸደይ በባዶ እጇ የቆላችው ሚንፌን ናት። ጂያዌይ ከከተማ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው፤ የዛሬውንም ሻይ አጠገቡ ቆማ ያስቆላችው እሷ ነበረች።

ጋሽ ታንግ ከግራው ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። "ይቺ እሳት በዝቶባታል። ትመራለች።" ከቀኙ ደገሙ። "ይሄ ግን ይጣፍጣል! ልክ እንደ ተቆላ ባቄላ ይሸታል።"

"እንግዲህ ምላስ ዘመድ የለውም" አሉ አባቷ፣ ወደ እሷ ሳያዩ።

እንግዳ ፊት አባትን ማዋረድ ነውር ስለሆነ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ጋሽ ታንግ ሲሄዱ ግን አላስቻላትም።

"አባባ፣ አየሁዎት እኮ።"

"ምኑን?"

"ውሃውን።"

ሽማግሌው ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ። "አንቺ ባል አለሽ፣ ቤት አለሽ። እሱ ምን አለው?"

"ታዲያ ዝም ብለው አይሰጡትም? የኔን መራራ ማስባል ምን አመጣው?"

"ዝም ብዬ ብሰጠውማ ማን ያከብረዋል? አሸነፈ መባል አለበት።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ሰው ፊት ሲቆላ ግን እንዳትቀሪ። የምጣዱን ግለት ገና አልለየውም። ሰው ሳይሰማ ቀስ እያልሽ ንገሪው።"

ከፍርዱ ይልቅ ይህ አንገበገባት። ሌሊቱን ሙሉ ብግን ስትል አደረች።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ አዲሱን ባለ ምጣድ ሊያይ ተሰበሰበ። ጋሽ ታንግም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አሥር ለቃሚዎች ጎህ ሲቀድ ጀምረው የለቀሙት የዓመቱ ምርጥ ቅጠል በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ተሰጥቷል። ጂያዌይ አንድ እፍኝ አንስቶ ምጣዱ ላይ አጎነበሰ፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

"እቴ" አላት በሹክሹክታ፣ "ቅጠሉን ልጨምር?"

ሚንፌን መዳፏን ከምጣዱ በላይ ዘረጋች። ግለቱ ገና ከሩቅ እጇን ገፋው። እንዲህ ባለ ምጣድ ላይ ቅጠሉ አንዴ ሳይገላበጥ ያርራል። አባቷ ከበርጩማቸው ሆነው አይን አይኗን ያዩአታል።

"ጨምር" አለችው።