የተረከዝ ማርሽ

ሰውየው ሞተሩን እየገፋ ወደ ጋራዡ ሲገባ ስንሻው ከሥራው ቀና አላለም። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ገንዳ ውሃ ከተማ በሞተር ሳይክል ትሞላለች፤ ለመጣው ሁሉ ቀና ቢሉ ሥራ አይገፋም።

"ማርሹ አስቸገረኝ" አለ ሰውየው። "ሁለተኛ ሳስገባው ይመልሰዋል። ይኼን የኋላ መርገጫ ደግሞ ቁረጠውና እንደ ሰው ሞተር አርግልኝ።"

ስንሻው ያን ጊዜ ቀና አለ።

የኋላ መርገጫውን የበየደው ራሱ ነበር። የእህቱ የአሰበች ባል እንግዳው የግራ እግሩን ጣቶች ትራክተር ጨፍልቆበታል። በጣቱ ማርሽ ማንሳት ስላቃተው፣ በተረከዙ እየረገጠ እንዲቀይር ስንሻው ብረት ቀጥሎ ሠራለት። መርገጫውን ከማርሹ የሚያገናኘውን ያረጀ ዘንግም በአዲስ ለወጠለት። እንግዳው በየእርሻው እየዞረ ሕፃናት የሚከትብ የጤና ባለሙያ ነው። በአብርሃ ጅራ መንገድ ከነሞተሩ ከጠፋ ወዲህ ሞተ ያለም፣ ይዘነዋል ብሎ የደወለም የለም።

ታርጋው ተነቅሏል፤ ቀለሙም ተቀይሯል። ብየዳው ግን የስንሻው እጅ ነው።

"ከየት ገዛኸው?" አለ።

"ምን አገባህ? ትሠራለህ አትሠራም?" ሰውየው ሸሚዙን ገለጥ ሲያደርግ የሽጉጥ እጀታ ታየ።

"እሠራዋለሁ እንጂ። መንገድህ በአስፋልት ነው በጫካ? ዘንጉን የማስረው እንደ መንገዱ ነው።"

"ደረቁን ወንዝ አቋርጬ ነው የምሄደው። ቶሎ በል!"

ስንሻው ተንበረከከ። መፍቻ ቁልፉን ዘንጉን በያዘው ዳዶ ላይ አጠለቀ። ልያዘው ቢል ይተኩስበታል። ዝም ብሎ ቢሸኘው ደግሞ፣ እንግዳው በሕይወት ካለ የት እንዳለ የሚያውቀው ይኸው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሲያስብ አሰበች ምሳውን ይዛ መንገዱን ስትሻገር አያት። ከባሏ ኋላ ተቀምጣ ስንት መንገድ የሄደችበትን ሞተር ከሩቅ ታውቀዋለች። ብድግ ብሎ ወጣ።

"አንቺ! ምሳ አምጪ ማን አለሽ? ሥራ ላይ ነኝ!" ብሎ ጮኸባት።

እንዲህ ተናግሯት አያውቅም። ደንግጣ ቆመች። ሳህኑን ሊቀበላት ጎንበስ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወደ ውስጥ እንዳታዪ፤ እንዳትጮኺም። የእንግዳው ሞተር እዚህ ነው። ያመጣው ሰው ሽጉጥ ታጥቋል። ፖሊሱ ባየልኝ ጋ ሂጂና ደረቁ ወንዝ ላይ ጠብቁት በዪው። እንዳይገድሉት። ከሞተ እንግዳውን አናገኘውም።"

አሰበች አልሮጠችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንድሟ እንዳስቀየማት ሴት አንገቷን ደፍታ ሄደች።

"ሚስትህ ናት?" አለ ሰውየው።

"እህቴ ናት። በሥራ ሰዓት እየመጣች ታስቸግረኛለች።"

የተረከዙን መርገጫ ቆረጠው። ዘንጉን አሳጥሮ መርገጫውን ለጣት በሚመች ከፍታ አስተካከለ። ሰውየው ግን አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ እያንዳንዱን ዳዶ በጣቱ መነካካት ጀመረ።

"ይኼ አልጠበቀም።"

የዚያ ዘንግ አንዱ ጫፍ እንደ ሌላው ብሎን አይደለም፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት ነው የሚጠብቀው። ቁልፉን አስገባና በሰውየው ዓይን ፊት ወደ ቀኝ ደጋግሞ አዞረው። ሰውየው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ዳዶው ግን እየላላ ነበር።

"ኸላስ፣ በቃ!" አለ ሰውየው። ተነሥቶ ማርሹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሞከረው። ሳይንገራገጭ ገባለት። ሄደ።

ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዘንጉ መንገድ ላይ ቀድሞ ቢወልቅስ? ሰውየው ገብቶት ቢመለስስ? ጨርሶ ባይወልቅስ? ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ከወንዙ በኩል የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ደገመ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አሰበች እየሮጠች ስትመጣ እዚያው በሩ ላይ አገኘችው። ደፉ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ሲጮኽ እሷ አነሳችው።

"ዘንጉ አሸዋው ላይ ወለቀበት" አለ ባየልኝ እያለከለከ። "ማርሽ መቀነስ አቅቶት ሞተሩ ጠፋበት። ተኩሶብን ነበር፤ ክንዱን መትተን ያዝነው። ወደ እንግዳው እየመራን ነው።"

እንግዳውን ያገኙት ከአንድ የማሽላ እርሻ ዳር፣ የሠራተኞች ጎጆ ውስጥ እጁ እንደታሰረ ነበር። ወባ አንዘፍዝፎት ሰው አይለይም። ጤና ጣቢያው ሲያደርሱት አሰበች ግንባሩን ዳብሳ ስሙን ደጋግማ ጠራችው። ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

"አንቺ ነሽ?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

ስንሻው ይህን ሲሰማ ከክፍሉ ወጣ። ከጤና ጣቢያው ግንብ ሥር ቁጭ ብሎ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው እንደ ልጅ አለቀሰ።