ለአባቷ የቀረላቸው ቋንቋ

ጫማ ሰፊው ሊዮንግ ቺፋ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ካልካታ በዝናብ በምትጨቀይበት ወር፣ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ሲነቁ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ቤንጋሊውም ሂንዲውም ከአፋቸው ጠፍቷል። የቀረላቸው የእናታቸው ቋንቋ፣ የቻይናው ሀካ ብቻ ነበር።

«አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አላት ሐኪሙ ልጃቸውን፤ «ኋላ የተማሩት ቀድሞ ይሄዳል።»

ልጅቷ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ። ሥራ ቦታ ሳቢታ ይሏታል። ከየት ነሽ ሲሏት «ከካሊምፖንግ፣ ከተራራው» ትላለች፤ መልኳን ያየ ሁሉ ኔፓሊ ናት ብሎ ያልፋል። ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ህንድና ቻይና የተዋጉ ጊዜ፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ፖሊሶች ቻይና ናችሁ ብለው ቤተሰቡን በባቡር ጭነው በረሃ ውስጥ ባለ እስር ቤት አጎሯቸው። እናቷ እዚያው ሞታ ቀረች። አራት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ሱቁም ቤቱም የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት የሀካ ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ» አሉ አባቷ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ በተሰባበረ ቤንጋሊ ሲነጋገሩ ኖሩ።

ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው «ሹይ» ማለት ጀመሩ። «ሹይ... ሹይ...»

በሽተኞቹን የምታገላብጠው ማላቲ ትራሳቸውን ከፍ አደረገችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሽንት ዕቃ አመጣች፤ በደህናው እጃቸው ገፉት።

«ምን ፈልገው ነው፣ እትዬ?»

ውሃ ነው። ሳቢታ ወዲያው ገብቷታል። ግን ክፍሉ ሃያ አልጋ ነው፤ በግራም በቀኝም ጆሮ አለ።

«እኔንጃ» አለች።

ማላቲ የሽንት ዕቃውን አነሳች። «የተራራ ሰው ናቸው አይደል? የወንድሜ ሚስት የካሊምፖንግ ልጅ ናት። ነገ ይዣት እመጣለሁ።»

«አይ፣ አትቸገሪ።»

«ምን ችግር አለው? ሰው ለሰው አይደል እንዴ!»

ማላቲ ዞር ስትል ሳቢታ ብርጭቆውን ወደ አባቷ ከንፈር አስጠጋች። ሽማግሌው እንደ ግመል ጠጡ። እሷ ግን የምታየው ፊታቸውን ሳይሆን በሩን ነው።

በማግስቱ የማላቲ ወንድም ሚስት፣ ዲልማያ የምትባል ክብ ፊት ሴት፣ ብስኩት ይዛ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በኔፓሊ የት ሰፈር ነዎት፣ የማን ዘመድ ነዎት እያለች ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው አፈጠጡባት። ድምጿን ከፍ አደረገች። ጠያቂዎች ዞረው ማየት ጀመሩ።

«ቱንግ» አሉ ሽማግሌው፣ እንባቸው እየወረደ፤ ያመኛል ማለታቸው ነው።

ዲልማያ ተነሳች። «ይሄማ የኛ ቋንቋ አይደለም። ሰፈራችን አንድ ቻይና ነበር፤ እንዲህ ነው የሚያወራው።»

ማላቲ ወደ ሳቢታ ዞረች። «እትዬ፣ ቻይና ናችሁ እንዴ?»

ሳቢታ ሌላ ውሸት ፈለገች፤ ለመዋሸት ግን ጉልበት አጣች። «አዎ። እዚሁ የተወለድን ቻይናዎች ነን። ደክሞኛል፣ ማላቲ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ በሀካ ተናገረች። የነበራት የልጅነት ቃል ብቻ ስለሆነ እንደ ሕፃን አወራች። «አባ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

የሽማግሌው ዓይን በፍርሃት ፈጠጠ። በደህናው እጃቸው አፏን ያዙ። «ዝም በይ! ይሰሙሻል! በቤንጋሊ አውሪ» አሉ፣ በሀካ።

ሳቢታ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። «ሰምተዋል አባ። አለቀ።»

የሚያማቸው ትከሻቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማላቲ ከሩቅ «አባባ፣ ሹይ?» እያለች ትጣራለች። አጠገባቸው የተኙት ሰውዬ ግን «በጦርነቱ ወንድሜን የገደሉት የናንተ ሰዎች ናቸው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እስኪወጡም አላነጋገሯትም። በዚያ ጦርነት እሷም እናቷን አጥታለች፤ ይህን ለጀርባ እንዴት ይነግሩታል?

ቺፋ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፉ። አስከሬናቸውን ቻይናዎቹ ወደሚኖሩበት ታንግራ ወሰደችው። የማኅበራቸው ሽማግሌ አቶ ኮንግ የሟችን ልጆች ስም በነጭ ወረቀት ላይ ሊጽፉ ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ሲዩላን» አለች፣ የልጅነት ስሟን። ከስንት ዘመን በኋላ!

«የቱ ሲዩ? ውብ የሚለው ነው ወይስ ጥልፍ የሚለው? ድምፁ አንድ ነው፣ ጽሕፈቱ ይለያል።»

አላወቀችም። ስሙን ካወጡላት ሰዎች አንዷ በረሃ ውስጥ ናት፣ አንዱ እዚህ ሳጥን ውስጥ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን አጠገባቸው ስቀመጥ ልጠይቃቸው አልመጣልኝም» አለች።

«እንግዲህ ምረጪ፤ ቀለሙ እየደረቀ ነው።»

«የቱ ይቀላል?»

«ውብ የሚለው።»

«በቃ እሱን ይጻፉት።»

ጻፉት። ሲዩላን ማንበብ የማትችለውን ስሟን ትንሽ አየችው። ለቀስተኞች መግባት ሲጀምሩ ወንበር ስባ ተቀመጠች።