አጎቷ ያመጡት ካርድ

አጎቷ ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጡ መጀመሪያ ያየችው ፈገግታቸውን ነበር። ፈገግታው በዛባት።

እሷ የአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ናት። የሃያ ዓመት ቅጂ፣ ቃለ መጠይቁም ዘፈኑም፣ አራት ዲስኮች ላይ ተቀምጦ በእሷ እጅ ነው። አራቱን እንደ አንድ አጣምሮ የሚይዛቸው፣ አንዱ ቢሞት እንኳ ድምፁ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ሬይድ ካርድ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ "ዲስክ አላየሁም" ብሎ አስደንግጧታል። ሥራ አስኪያጁ፣ "ርካሽ ፈልጊ፣ ግን ጉድ እንዳትሠሪን" አሏት። የአዳዲሶቹ ዋጋ አይቀመስም። ዲስኮቹ ያሉበት ሰርቨር ደግሞ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ስለሚሠራ፣ ከሊኑክስ ጋር የማይግባባ ካርድ በነፃ ቢሰጣትም አይረባትም።

"የአዲሱ ሩብ ዋጋ!" አሉ አጎቷ። የኮምፒውተር ዕቃ መደብር አላቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። "ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለምን ረከሰ፣ ጋሼ?"

"ውድ ሲሆን ለምን፣ ርካሽ ሲሆን ለምን! ካርቶኑ ላይ ሊኑክስ ይላል፣ አንብቢው።"

ካርቶኑንስ አነበበች። ካርዱን ግን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው። ደህና ሬይድ ካርድ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ይሄ የለውም። መብራት ሲጠፋ ያልተጻፈውን የሚይዝለት ባትሪም የለውም። የሞዴል ቁጥሩ ያለበት ስቲከር ጠርዙ ትንሽ ተነስቷል። ባለፈው ዓመት አጎቷ ለጣቢያው የሸጡት፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ ትዝ አላት፤ ሽፋኑ አዲስ፣ ባትሪው ያረጀ ነበር። ያኔ "አስመጪው ነው የሸወደኝ" ብለው ነበር። እሷም አምናቸው ነበር።

"እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" አሉ።

"ኧረ ካርዱን ነው" አለች። ዋሸች።

ትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፤ አራት ባዶ ዲስኮችም አገናኘችበት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የካርዱ ገጽ ላይ አራቱ አንድ እንዲሆኑ አዘዘች። "ተሳክቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ። አጎቷ አጨበጨቡ።

"አየሽ!"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

ሊኑክስን አስነሳች። አንድ ትልቅ ዲስክ መታየት ሲገባው አራቱም ለየብቻ ተደርድረው መጡ። ካርዱ ራሱ ምንም አያጣምርም ማለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራለት ለሌላ ሥርዓት የተጻፈ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው።

"ያንቺ ሊኑክስ ነው የተበላሸው" አሉ አጎቷ። ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነበር።

ስቲከሩን በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ሌላ ቁጥር ወጣ።

"ይሄንንም አስመጪው ነው የለጠፈው?"

 አጎቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሃያ ካርቶን ተቆልሎብኛል። አንቺ ገጠምሽው ከተባለ ሌሎቹ ጣቢያዎችም ሳይጠይቁ ይወስዳሉ ብዬ ነው። ሙያሽን ሁሉም ያምናል።"

ያንገበገባት ካርዱ አልነበረም። በስሟ ሊነግዱ ነበር።

"አንድ ዲስክ ቢሞት እኮ የሃያ ዓመት ድምፅ አፈር ይበላ ነበር!" አለችና ካርዱን ከነካርቶኑ መለሰችላቸው። ሳይሰናበቷት ወጡ።

በማግስቱ ያረጁ ሰርቨሮች እየፈታ ወደሚሸጥ ሰው ሄደች። እሱንም አላመነችውም። ያሳያትን ካርድ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፤ ድራይቨሩ ከሊኑክስ ጋር አብሮ እንደሚመጣ አረጋገጠች፤ ከዚያ እዚያው እንዲሰካላት አድርጋ፣ ዘፈን እየተጫወተ ሳለ አንዱን ዲስክ መዥረጥ አደረገችው። ካርዱ ጮኸ። ዘፈኑ አልተቋረጠም።

"እህቴ፣ ቀልቤን ገፈፍሽው እኮ!" አለ ሰውዬው።

ካርዱ ራሱ የሞተ ዕለት ዲስኮቹን የሚያነባቸው የእሱ ዓይነት ሌላ ካርድ ስለሆነ፣ ሁለት ወሰደች። የሁለቱ ዋጋ የአንድ አዲስ ካርድ ዋጋ ግማሽ አልሞላም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አጎቷ መደብር ሄደች። ኩርፊያው አልለቀቃትም፤ ግን አንድ ነገር ሲከነክናት ሰንብቷል። ሊኑክስ ዲስኮችን ያለ ካርድ እርዳታ በራሱ ማጣመር ይችላል፤ ለዚያ የአጎቷ ካርዶች እንደ ተራ ማገናኛ ይበቃሉ።

"በትክክለኛ ስማቸው ይሽጧቸው" አለቻቸው።

አብረው ስቲከር ሲልጡ አረፈዱ። አጎቷ በየካርቶኑ ላይ "ተራ የዲስክ ማገናኛ" ብለው ጻፉ። አምስተኛው ላይ እንደደረሱ አንድ ደንበኛ ገባ።

"ይሄ ሬይድ ካርድ ነው?"

አጎቷ ቀና ብለው እሷን አዩ።

"አይደለም" አሉት። "ማገናኛ ብቻ ነው።"

እሷ ባትኖር ኖሮስ ያንኑ ይሉት ነበር? አላወቀችም። ወንበሯን አስጠግታ ቀጣዩን ካርቶን ከፈተች።