የተሸናፊው ሻይ

«በመጨረሻ ምን አለሽ?» አለቻት ጎልዲ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

ሪቫ ዝቅ ባለችው የሐዘን በርጩማ ላይ ተቀምጣ በቀብሩ ቀን ለሐዘን ምልክት የተቀደደውን የሹራቧን ኮሌታ በጣቷ ትነካካለች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ፣ አንዲት ቃል ሳይተውልሽ አይሄድም መቼም።»

ጎልዲ የሟቹ እህት ናት፤ ብትነዘንዝም አይፈረድባትም። ወሩ በአይሁድ አቆጣጠር ኒሳን ነው፤ በዚህ ወር መቃብር ላይ ቆሞ ሟችን ማወደስ አይፈቀድም። ወንድሟ ሞርቲ አንድ ሰው እንኳን «ደግ ነበር» ሳይለው አፈር ገባ። ስለዚህ ለለቅሶ ደራሹ የምትነግረው አንድ ነገር ፈልጋ ሪቫን መውጫ መግቢያ አሳጣቻት።

የሪቫ ችግር የመጨረሻውን ቃል አለማስታወሷ አይደለም፤ አሳምራ ታስታውሰዋለች። «አንቺ ቁጥሩን ነው የምታዪው፣ ሰውየውን አታዪም» ነበር ያላት። እሷም «አንተ ሂሳብ ሠሪ ሳትሆን ጠንቋይ ነህ» ብላው በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ስትመለስ ሞርቲ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አንገቱን ወደ ጎን ጣል አድርጎ። ይሄ ታዲያ ለለቅሶ ደራሽ ይነገራል?

ከዚያ ወዲህ እንደደነገጠች አለች። አላለቀሰችም። እንቁላል ልጠው ሲሰጧት ትበላለች፣ ተነሽ ሲሏት ትነሳለች። ሰው ሲያናግራት አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የሚለው አይገባትም።

ባልና ሚስቱ ባልቲሞር ባለው ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ የሰው የግብር ሂሳብ ሲሠሩ ነው የኖሩት። አሁን ጎልዲ በሐዘን ቤት ደንብ የቤቱን መስታወት ሁሉ በአንሶላ ሸፍና ስትጨርስ፣ «ይሄም ፊት ያሳያል» ብላ የኮምፒዩተሮቹንም ስክሪን ሸፍናዋለች።

ያን ቀን ያጣላቸው የአንድ ደንበኛ ጉዳይ ነበር፤ ፈረንስ ታካች የሚባል መሐንዲስ። ትውልዱ ቡዳፔስት ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ለሥራ ወደዚያው ሲያመላልሰው ቆይቷል። እዚያ የከፈለው ግብር እዚህ ከሚከፍለው እንዲቀነስለት ሲጠይቅ ይሄ የመጀመሪያው ነው። በመደበኛው ግብር ነገሩ ቀላል ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሰጠው አክሲዮን ምክንያት ግን ዝቅተኛው አማራጭ ግብር የሚሉት ሁለተኛ ግብር ደረሰበት፤ በዚያ ሂሳብ ደግሞ የተቀናሹ ጣሪያ በሁለት መንገድ ይሰላል። ረጅሙ መንገድ የውጭ ገቢውን በሁለተኛው ግብር ደንብ ከሥሩ እንደገና ያሰላዋል። አጭሩ ለመደበኛው ግብር የተሠራውን ቁጥር እንዳለ ይወስዳል።

«በረጅሙ ነው» አለች ሪቫ። «አክሲዮኑ የተሰጠው እዚያ ለሠራው ሥራ ነው። በረጅሙ ያ ትርፍ የውጭ ገቢ ሆኖ ይቆጠርለታል፣ በአጭሩ ግን ይቀርበታል።»

«ለዘንድሮ ልክ ነሽ። ግን ይሄ ምርጫ የአንድ ጊዜ ነው፣ ሪቭ። በመጀመሪያው ዓመት የያዘውን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ሰውየው ጠቅልሎ አገሩ ቢገባና አክሲዮኑን እዚያ ሆኖ ቢሸጥስ? ያን ጊዜ የሚያወጣው አጭሩ ነው።»

«ማን ጠቅልሎ ይገባል አለህ?»

«እናቱ እዚያ ናት።»

«ሞርቲ፣ እናትህ የት ናት ብሎ የሚጠይቅ የግብር ቅጽ አይቼ አላውቅም።»

እሱ እንዲህ ነበር። ሰው ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ልጁ ሠርግ፣ ስለ እናቱ ይጠይቀዋል። ሪቫ «ይሄ ግብር ቤት ነው ወይስ ሻይ ቤት?» እያለች ትበሳጫለች። ሻይ ካሉ ደግሞ በዚያ ቤት ክርክር የሚያልቀው በሻይ ነው። የተሸነፈው ሰው ወደ ማድ ቤት ወጥቶ ሻይ ያፈላል፣ ሎሚ ይቆርጥበታል፣ በብርጭቆ አምጥቶ ያሸነፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ያፈላው ሞርቲ ነው። ልክ ባልነበረችባቸው ቀናትም ሳያፈላላት እንዳልቀረ ሪቫ አልፎ አልፎ ጠርጥራለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቱ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ታካች ኬክ ታቅፎ ገባ።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ሪቫ» አለ ጮክ ብሎ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሐዘንተኛ ሰላም አይባልም፤ እሷ ካልተናገረችም ቀድሞ የሚናገር የለም። ጎልዲ በዓይኗ ገላመጠችው። ምስኪኑ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ፊቱ ቀላ።

«ተቀመጥ» አለች ሪቫ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይሄንኑ ብቻ ነው።

«እኔማ አላመንኩም» አለ ታካች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ያን ዕለት እኮ ደውለውልኝ ነበር።»

ሪቫ ቀና አለች። «ማን?»

«አቶ ሞርቲ ናቸዋ። ‹በሚስቴ መንገድ ልኬልሃለሁ፤ ተሸንፌያለሁ፣ አሁን ሻይዋን ላፍላላት› አሉኝ። እየሳቁ ነበር።»

የሪቫ እጅ ኮሌታዋ ላይ ቀረ። ብርጭቆው ትዝ አላት። ያን ቀን ሰው ለመጥራት ወደ ስልኩ ስትንደረደር ጠረጴዛዋ ላይ የነበረ ብርጭቆ ገፍታ ነበር፤ ፈሶ እጇን ነክቷታል። ምን እንደሆነ ልብ አላለችም። አሁን ግን እጇ አስታወሰ። ትኩስ ነበር።

«ይሄዋ!» አለች ጎልዲ በእንባ። «ይሄ ነው የመጨረሻ ቃሉ። ሰማችሁ? ተሸንፌያለሁ ብሎ፣ ሻይዋን ላፍላላት ብሎ ነው የሄደው።» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

ታካች ነገሩ መልካም በመሆኑ ደስ ብሎት ቀጠለ። «እኔም የምነግራቸው ነበረኝ፤ ሳይሰሙኝ ሄዱ። በበጋ ጠቅልዬ ቡዳፔስት ልገባ ነው። እናቴ ደክማለች። አክሲዮኑንም እዚያው ሆኜ እሸጥና ደረጃ የሌለው ቤት እገዛላታለሁ።»

ሪቫ ወደ እሱ ዘንበል አለች። «ይሄን ለሞርቲ ነግረኸው ነበር?»

«ኧረ ለማንም አልተናገርኩም። ብቻ እሳቸው በመጣሁ ቁጥር ስለ እናቴ ይጠይቁኝ ነበር።»

እንግዲህ ሞርቲ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን እያመነ፣ እሷ በር ድርግም አድርጋ ስለወጣች ብቻ፣ እጁን ሰጠላት። የመጨረሻ ስጦታው ስህተት ነው፤ ስህተቱን ተሸክሞ የሚኖረው ደግሞ ይሄ ኬክ ያቀፈ ሰው ነው። የዓመቱ ግብር ማስገቢያ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ዛሬ ሌላ ከተላከ የፊተኛውን ይተካዋል። ከነገ ጀምሮ ግን ለውጡልኝ ብሎ ደጅ መጥናት ነው። ዝም ብትል የሞርቲ ቃል እንዳማረ ይቀርላታል፤ የታካችንም መጎዳት ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ተነሳች። «ምድር ቤት ልወርድ ነው። የምሠራው አለኝ።»

«በሐዘን ሥራ?» አለች ጎልዲ።

«ሞርቲ የላከውን በሌላ ልተካው ነው።»

«የመጨረሻ ሥራውን ልትሽሪበት? ምነው ሪቫ፣ አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ።»

ሪቫ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ረቢ ዞረች። «ካልሠራሁት የሰው ንብረት ይጠፋል። ከዛሬ በኋላ አይመለስም።»

ረቢው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሌላ የሚሠራው ሰው የለም?»

«የሚያውቀው ሞቷል።»

«ሥራ ፈጽሞ የሚከለከልባቸው ሦስት ቀናት አልፈዋል። ውረጂ፣ ልጄ። በጓዳ ይሁን።»

ታካች ተከተላት። ከሞርቲ ስክሪን ላይ አንሶላውን ገፍፋ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ በአጭሩ መንገድ እንደገና ሠራችው። ከዚያ የሚመጡትን ዓመታት፣ አክሲዮኑ የሚሸጥበትን ዓመት ጨምራ ሁለቱንም መንገድ አስተያየቻቸው። ሞርቲ ልክ ነበር፤ ያውም በጥቂት አይደለም። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። አፏን በመዳፏ ይዛ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች፤ ታካችም የሚያደርገው ጠፍቶት የማተሚያውን ወረቀት ሲያስተካክል ቆየ። ታትሞ ሲወጣ ፈረመበት፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ የዛሬውን ማኅተም ለማስመታት እየሮጠ ወጣ።

ሪቫ ፊቷን ጠርጋ ወደ ማድ ቤት ወጣችና ውሃ ጣደች። ሴቶቹ ግር ብለው ተነሱ፤ ሐዘንተኛ ለራሷ አታፈላም።

«ቁጭ በይ፣ እኛ እናፈላልሻለን» አለች ጎልዲ ብርጭቆውን ልትቀበላት እየሞከረች።

«አይሆንም» አለች ሪቫ። «የተሸነፈ ነው የሚያፈላው።»

ጎልዲ እጇን ሰበሰበች። ሪቫ ሎሚውን ቆርጣ ከተተችበት፣ ደረጃውን በዝግታ ወረደች፣ ብርጭቆውን ሞርቲ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሄዳ ልትወጣ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰችና፣ እንዳይቀዘቅዝ በስኒ ማስቀመጫ ከደነችው።