ሦስተኛው ቀረጻ

ምስሉ እንደገና ቆመ። ነጩ የጨዋታ ጠጠር ስክሪኑ መሃል ተገትሮ ቀረ፤ የአባቱ ድምፅ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ማብራራቱን ቀጠለ።

"አባዬ፣ ቆይ። አቁም።"

"ምነው? ገና የሰሌዳው ጥግ ላይ ሳልደርስ!"

"ቀረጻው ተቋረጠ።"

ሩንግካይ የተቀዳውን ፋይል ሊከፍተው ሞከረ። አልከፈት አለው። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ይሄኛውንም ውሃ በላው። ጠረጴዛውን በጡጫ መታና እጁን አመመው። አባቱ ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል ይተኛል፤ ነገ ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ከነካንሰሩ ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ ይሄ ድምፅ የለም።

አባቱ መምህር ቺዩ ዕድሜውን ሙሉ ዌይቺ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጠር እየደረደሩ፣ መሬት እየከበቡ የሚሸናነፉበትን ይሄን ጨዋታ የታይናን ከተማ ልጆች፣ ቢያንስ የሰፈራቸው ልጆች፣ የለመዱት ከእሱ ነው። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ በወጣትነቱ ለሻምፒዮንነት ተጫውቶ የተሸነፈባትን ጨዋታ እንዲያብራራላቸው። ሁልጊዜም ሌላ ቀን ይላቸው ነበር። አሁን ሌላ ቀን አለቀ።

አሮጌው ኮምፒውተር ስክሪኑን ሲቀርጽ እየተንተባተበ ስላስቸገረ፣ ሩንግካይ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ገጠመለት። ሌላው የኮምፒውተሩ ክፍል ሳይጨናነቅ ቀረጻውን ካርዱ ራሱ ይሠራዋል ተብሎ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር ሲቀመጥ የማሸነፍ ዕድልን የሚያሰላውን ፕሮግራምም የሚሸከመው ያው ካርድ ነው። ትናንት ሲሞክረው እንከን አልነበረውም። ዛሬ፣ በሚፈለግበት ቀን፣ እንዲህ ያቃጥለዋል!

"ይሄ ማሽንህ እኔን አይወደኝም" አለ አባቱ፣ ለብ ያለ ውሃ እየተጎነጨ። ድምፁ ሳስቷል። "ጠጠር ባስቀመጥኩ ቁጥር የማሸነፍ ዕድልህ ወረደ ይለኛል። ዕድሜው ስንት ነው ለመሆኑ?"

"አባዬ፣ አታውራ፤ ድምፅህን ቆጥብ።"

"ለመቼ?"

እናቱ ሱሜይ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"አሁንም እምቢ አለ?"

"እማዬ፣ እባክሽ!"

"እኔ ምን ወጣኝ? በስልክ ለምን አትቀዳውም?"

"ስልክ ስክሪን ሲቀርጽ ይብረቀረቃል፣ ጠጠሩ አይለይም። አንቺ ዝም ብለሽ ሻንጣውን አዘጋጂ።"

ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ በሩ ጋ ቆሟል። ሱሜይ ከጀርባው አልፋ ኮምፒውተሩ አጠገብ ጥቂት ተንጎዳጎደችና ወጣች። እሱ ዞር ብሎም አላያት። የምስሉን ጥራት ቀነሰ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተ፣ የማያውቀውን ቅዱስ ሁሉ በሆዱ ሰደበ። ሁሉንም ነካክቶ ሲያበቃ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ቢያሳርፍ ቆርቆሮው ፈጀው።

ያኔ ቀና ብሎ አየ። ሙቀቱ በሚወጣበት ወንፊት ላይ አራት አረንጓዴ የብስኩት ከረጢቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

የበቆሎ ብስኩት ነው፤ ስሙ "ጨዋ ሁን" እንደማለት ስለሆነ ማሽንን አደብ ያስገዛል ይባላል። ማሽን ደህና ሲሆን የሚበራው አረንጓዴ ስለሆነ ከረጢቱም አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫው አይሆንም፣ ቀዩም አይሆንም፣ ቀኑ ያለፈበት ደግሞ ጭራሽ ጉድ ያመጣል። የሩንግካይ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ፣ ያ ሁሉ ኢንጂነር በተሰበሰበበት፣ ይህ ከረጢት ያልተቀመጠበት ሰርቨር የለም።

"እማዬ! ማነው እነዚህን እዚህ የደረደረ?"

"አንዷ ያንተ ናት" አለች ሱሜይ ተመልሳ መጥታ። "ትናንት ያቆምካት። ጠዋት ወድቃ አገኘኋትና ከላይ አስተኛኋት። መጀመሪያ ሲቋረጥባችሁ ሱቅ ሄጄ አንድ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ሁለት።"

"መተንፈሻውን እኮ ነው የደፈንሽው! እሱ ሲፈላ አንቺ ትጨምሪበታለሽ፣ ስትጨምሪበት ይፈላል!"

"ቀናቸውን አይቻለሁ፤ አላለፈባቸውም።"

"የቀን ጉዳይ አይደለም!" ከረጢቶቹን አፍሶ አልጋው ላይ ወረወራቸው። "ለምን አርፈሽ አትቀመጭም?"

ሱሜይ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገችና በቤት ስሙ ጠራችው። "ምን ላድርግ ታዲያ፣ አካይ? አንተ ማሽን አለህ። እሱ ጨዋታ አለው። ሐኪሙ እኔን ምንም አድርጊ አላለኝ። ሱቅ ሄድኩ።"

ሩንግካይ አፈረ። አባቱ ግን ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነና ዓይኑን በእንባ ሞላው።

"በአረንጓዴ ጠጠር ከበበችን እኮ!" አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። "ከተማሪዎቼ ሁሉ አንቺ ትበልጫለሽ። በል፣ አካይ፣ አስጀምረው።"

ሦስተኛው ቀረጻ ተጀመረ። ካርዱ ቀዝቅዞ ነበርና ምስሉ ያለ ችግር ሄደ። የመጀመሪያው ላይ የነበሩት ቀልዶች ግን አልተመለሱም፤ አባቱ የሚናገረው በሹክሹክታና በሳል መካከል ነው። ያም ሆኖ ጥጉ ላይ ደረሰ። የተሸነፈባትን ጠጠር አስቀመጠ፤ ተጋጣሚውን በልጦ ሳለ እንዳይነጠቅ ፈርቶ ያስቀመጣትን። እሷን እያብራራ ድንገት ዓረፍተ ነገሩን አቋረጠው።

"ሱሜይ፣ ግቢ እንጂ። በር ላይ ቆመሽ አታልቅሺ። ሱሜይ... አንቺን እየሰማሁ እንዴት ላስተምር?"

ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይቺን ትቆርጣታለህ፣ አካይ፤ ተማሪዎች ይስቁብኛል" አለና ወደ ጥቁሩ ጠጠር ተመለሰ።

ትምህርቱ አለቀ። ፋይሉ ተከፈተ፣ ከጫፍ ጫፍም ሙሉ ነበር። ታክሲው ደጅ ላይ ጥሩምባ እያሰማ አባቱ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ ሩንግካይ ቀረጻውን የሚቆርጥበትን ፕሮግራም ከፍቶ ያቺን ቦታ ፈለጋት። አገኛት። አንድ ጊዜ አዳመጣት። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርቷታል።

"ቆረጥካት?" አለ አባቱ ከኮሪደሩ።

"ጨርሻለሁ፣ አባዬ። እንሂድ።"

ምንም ሳይቆርጥ ዘጋው። አልጋው ላይ ከተበተኑት ከረጢቶች አንዱን አንስቶ ቀኑን አነበበ፤ አላለፈበትም። በሩ ጋ ሄዶ የአባቱ ሻንጣ ላይ፣ ሳያስተኛ፣ ከእጀታው ጋር አቁሞ አሰረው።